እትዬ ዲንቁ የመረገችው ግድግዳ

እትዬ ዲንቁ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን አይደለም፤ ማሽኑን ነው። ክዳኑን ታነሳለች፣ ውስጡን ትቃኛለች፣ ከእሷ በፊት የመጣ ሰው ወረቀት ረስቶ እንዳልሄደ ታረጋግጣለች። ከዚያ መታወቂያዋን ከጉያዋ ታወጣና «ሦስት» ትለኛለች። ሦስቱ ሲወጡ ደግሞ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ሄዳ አንድ በአንድ ከዋናው ጋር ታመሳክራለች።

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው! ከስምሽ ላይ ፊደል አይሰርቅም» እላታለሁ።

«ማሽኑን የሚያዘው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው» ትላለች፤ ማመሳከሯን ትቀጥላለች።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርገኝ ኖራለች። እኔ ዋሪዮ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ያልነበርኩ ሰው ነኝ፤ ስንት ቀን እጇን ይዤ ከሱቅ ላስወጣት ቃጥቶኛል። ግን መንገዱን ተሻግሮ ትይዩዬ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ሚስቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ያበላች እሷ ናት። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ እችላታለሁ። አሁን ይህን የምጽፈውም ነውር ስላለብኝ ነው፤ በዚያ ጥርጣሬዋ ላይ አንድ ቀን ነዳጅ ያርከፈከፍኩበት እኔው ነኝ።

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛ መታወቂያ ትጠይቃለች፤ ካሳያትም ከፊቱ ጋር ሁለት ጊዜ ታስተያያለች። ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ በጥፍሯ ላይ ጠብ ታደርገውና ውሃ የገባበት መሆን አለመሆኑን ትመረምራለች። የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት ስልኩን ታነሳና ዝም ትላለች፤ ደዋዩ ጨንቆት ስሙን እስኪናገር ድረስ ትንፍሽ አትልም። ካህኑም ሼኹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም።

ይህ ጠባይ ከሰማይ አልወረደም። አባቷ በኢትዮጵያ በኩል፣ ሜጋ ጦር ሰፈር ውስጥ የነበረ ወታደር ነው፤ አማርኛዋም ከዚያው ከሰፈሩ የመጣ ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ዲንቁ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ «ለሁለት ሌሊት ብቻ ድንበሩን ተሻገሩ፣ እመጣለሁ» ብሎ ከእናቷ ጋር ሰደዳት። ያ ሁለት ሌሊት ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። ስደተኞች ሰፈር ድንኳን ውስጥ እያሉ ደግሞ አንድ ቀን ጠመኔ የያዘ ሰው መጥቶ በአንዳንዱ ድንኳን ላይ ምልክት አደረገ። ምንድነው ቢሉት «ለቆጠራ ነው» አለ። በሳምንቱ ምልክት የተደረገባቸው ድንኳኖች ተነቀሉ፤ ሰዎቹም በመኪና ተጭነው ርቀው ተወሰዱ። ዲንቁ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ስትመለስ የእነሱ ድንኳን የነበረበት ቦታ ላይ ያገኘችው አራት የካስማ ጉድጓድ ብቻ ነበር። እናቷን ያገኘቻት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ልትቀብራት።

ብቻዋን ሞያሌ ገባች። የምታውቀው ሥራ ግድግዳ መምረግ ነበር። ጦር ሰፈር ውስጥ የወታደር ሚስቶች ቤታቸውን የሚመርጉት በየራሳቸው ስለነበር ከእናቷ ተምራዋለች። ቀይ አፈሩን ታበጥራለች፣ የደረቀ ሳርና እበት ትቀላቅላለች፣ አመድ ትጨምራለች፣ ሦስት ቀን ታቦካለች። ከዚያ በመዳፏ ነው የምትመርገው። ሌላው ፉንዲ፣ ግንበኛው ሁሉ፣ የልስን ማንኪያና ጣውላ ሲይዝ እሷ «እጅ ያላወቀውን ግድግዳ ዓይን አያውቀውም» ብላ ድርቅ ትላለች። እውነቷን ነው መሰለኝ፤ ግድግዳው ራሱ ካልተሰነጠቀ የእሷ ምርጊት ሲሰነጠቅ አላየሁም።

ከሱቄ ማዶ ያለው የትልቁ ቤት ባለቤት ሐጂ አዳን ይህን ሥራዋን አይተው ነው ያስጠጓት። ቤታቸውን በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ልትመርግላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በቤቱ ምዕራብ ጎን የተለጠፈችውን አንዲት ክፍል ሊሰጧት ተስማሙ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ሰው ሁሉ የሚያጭበረብራት የሚመስላት ሴት በሕይወቷ አንድ ጊዜ በቃል ያመነችው ያንን ነው። ሰውዬው እስኪሞቱ ድረስም ቃላቸው አልታጠፈም።

አሁን ስለዚያ ቤት ካልነገርኩ ወሬዬ አይገባችሁም። ያሠራው አንድ እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም ነው ይባላል። አገሩ ያለውን የአባቱን የእርሻ ቤት ሥዕል በሻንጣው ይዞ መጣና ያንኑ ቤት እዚህ ድንጋያማ ዳገት ላይ አስቆመው። ፎቅ ነው። በሩ መሀል ለመሀል ነው፤ ከበሩ በላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መስታወት አለ። በግራ ሁለት መስኮት፣ በቀኝ ሁለት፣ ፎቁ ላይ አምስት በአንድ መስመር። ከጣሪያው በዚህኛው ጫፍ አንድ ጭስ ማውጫ፣ በዚያኛው ጫፍ አንድ። የቤቱን ፊት በወረቀት አትማችሁ መሀሉን ብታጥፉት ግራው ከቀኙ ልክክ ይላል። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ የእሳት ምድጃ አለ። ሞያሌ ላይ የሳሎን ምድጃ! ሐጂ አዳን ሬዲዮናቸውን ነበር የሚያስቀምጡበት።

እና የሐሰት መስኮት አለው። ፎቁ ላይ ከአምስቱ አንዱ ከውጭ ሲያዩት መቃን አለው፣ ደፍ አለው፣ መስታወት በሚገባበት ቦታ ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነው። ከውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው። ዲንቁ በመጀመሪያው ዓመቷ ይህን ስታገኝ እንቅልፍ አጣች። በገመድ ከውጭ ለካች፣ ከውስጥ ለካች፣ በድንጋይ እያንኳኳች ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። የተደበቀ ክፍል አላገኘችም። «የማይታይበት መስኮት የሚሠራ ሰው የሚደብቀው ነገር ባይኖረው ነው?» እያለች ሐጂ አዳንን አስቸገረቻቸው። እሳቸው በሳቅ ሞቱ።

ሐጂ አዳን ካረፉ በኋላ ቤቱ ናይሮቢ ለምትኖረው ልጃቸው ለማርያም ደረሰ። ማርያም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዲንቁ እጅ ላይ ያደገች ናት፤ «አዴ ዲንቁ» ነው የምትላት፣ እናቴ እንደማለት። ቢሆንም ከተማው ውስጥ ወሬ ይወራ ጀመር። አንድ ነጋዴ ቦታውን ለሆቴል ፈልጎታል፣ ማርያምም ልቧ ከጅሏል እየተባለ። ዲንቁ ወሬውን እኔ ሱቅ ውስጥ ሰማችው። መታወቂያዋን አምስት ኮፒ አስደረገችና ሄደች።

በዚህ ላይ ዓምና ከምርጊቷ በኋላ የጣለው ጎርፍ የመሰለ ዝናብ ግድግዳውን ሰነጠቀው። የካውንቲው የሕንፃ ተቆጣጣሪ መጥቶ አየና «ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ አደጋ ነው፣ ይፈርሳል። ቆሞ ከሆነ ግን አሳዩኝ» ብሎ ለማርያም ጻፈ። ማርያም ጆሴፍን ላከችው።

ጆሴፍ እዚሁ ሞያሌ ተወልዶ፣ ናይሮቢ የሕንፃ ዲዛይን ተምሮ የመጣ ጎልማሳ ነው። አማርኛውን የተማረው ገበያ ውስጥ ነው። ባለፈው መስከረም መጥቶ ቤቱን ሲያይ እንደ ሙሽራ ፊቱ በራ። በሜትር ይለካል፣ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ድንጋዩን ይደባብሳል። ዲንቁ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች የነካውን ሁሉ ታያለች። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ትርኢት አያመልጠኝም።

«ማማ ዲንቁ» አላት ጆሴፍ፣ «ይሄ ቤት ስንት ዋጋ ያለው ነገር እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሠራሩ የጥንት ነው። የእንግሊዝ ገበሬዎች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ያኔ ጆርጅ የሚባሉ አራት ንጉሥ ነበሩ፣ አንዱ ሲሞት አንዱ። የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ስም የወጣው በእነሱ ነው።»

«አራቱም ጆርጅ?»

«አራቱም።»

«ለምን? የመጀመሪያው መሞቱን ሰው እንዳያውቅ ነው?»

ጆሴፍ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወዲያው የሐሰት መስኮቱን ጠየቀችው፤ ሠላሳ ዓመት የያዘችው ጥያቄ ነው። ከኋላው ደረጃ ስለሚያልፍ እውነተኛ መስኮት ማድረግ አልተቻለም፣ ግን ፊቱ እንዳይጎድል ብለው ለመልኩ ሠሩት ብሎ አስረዳት። ወደ እኔ ዞር ብላ በኦሮምኛ «ዱጋ?» አለችኝ፣ እውነት ነው? እንደማለት። እኔ ምን አውቄ! ትከሻዬን ሰበቅሁ። ጆሴፍ የዲንቁን ክፍል ሲያይ ደግሞ ፊቱን አጨማደደ። ክፍሏን ሐጂ አዳን ለጨው መጋዘን ብለው በኋላ የለጠፏት ናት። «ይቺ ከቤቱ ጋር አትሄድም» አለ። ይህን አለማለት ነበረበት። የዲንቁ ዓይን ያን ጊዜ ጠበበ፤ ከዚያ ወዲያ ለስድስት ወር አልተከፈተም።

በማግስቱ ጆሴፍ መሰላል አቁሞ በየስንጥቁ ላይ እንደ ጣት የቀጠኑ የመስታወት ቁራጮችን በጀሶ እያጣበቀ አስቀመጠ። ሰባት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ቀን ጻፈበት፣ በቀይ ቀለም።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው።

«ቤቱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ የሚናገር ነው፣ ማማ።»

«ቤት እንደ ከብት ይንቀሳቀሳል?»

«ትንሽ ትንሽ። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ አንቺ ብቻ አትንኪው» አለና ተቻኩሎ ሄደ። ቁጭ ብሎ ቢያስረዳት ኖሮ! የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ከተናገረ ያበቃ ይመስለዋል። እኔ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

እሷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። «ዋሪዮ፣ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ምንድነው?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው እኔ ኃጢአቴን የሠራሁት። ስልኬን አውጥቼ መንገዱ ሲሰፋ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት። ቀይ ኤክስ የተቀባባቸው ሱቆች፣ ከዚያ በወሩ የእነዚያው ሱቆች ፍርስራሽ። «በዚህ አገር ቀይ ቀለም ከተቀባብሽ አለቀልሽ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ኬንያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ግን የተናገርኩት ለወሬ ማሳመሪያ ነበር። እሷ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኬን መለሰችልኝና ወጥታ ሄደች።

ማርያም ደወለችላት። «አዴ፣ ጆሴፍን የላክሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ሊያድን ነው» አለቻት። ዲንቁ «እሺ» ብላ ዘጋች። ለእኔ ግን «ሊያድን! ሰው ሊያርደው ያለውን በሬ አይደል የሚያበላው?» አለችኝ። ለጥቂት ወራት ምንም አልሆነም። ጆሴፍ በየወሩ እየመጣ መስታወቶቹን ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ይሄዳል። እሷ በመስኮቷ ታየዋለች። ስንጥቁን እንጂ ቤቱን አያይም ትላለች። ሲደሰት ታየዋለች፤ ሲደሰት ማየቷ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራታል።

መጋቢት መጣ። ጆሴፍ ተቆጣጣሪውን ይዞ ሊመጣ ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ማርሳቢት ሄደ። «ሐሙስ እንመጣለን፣ ያኔ ይለይለታል» አላት። ይለይለታል! ከቃላት ሁሉ መርጦ ይህችን። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዲንቁ ጭቃዋን አውጥታ መሰላል ላይ ወጥታለች። የምርጊቷ ወቅት ስለነበር ማንም ምንም አላለም፣ እኔም አላልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ መረገች። ሰባቱንም መስታወት፣ ቀይ ቁጥራቸውንም፣ ስንጥቁንም አንድ ላይ አለበሰቻቸው። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ቤቱ ትናንት የተሠራ መስሎ ቆመ። ታጥባ ሱቄ በር ላይ ቁጭ አለች፤ በስድስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ዘና ብሎ አየሁት።

«ስንጥቅ የሌለበትን ቤት በምን ያፈርሱታል?» አለችኝ። እኔ ሞኙም «ብልሃተኛ ነሽ» አልኳት።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ጆሴፍ ከመኪናው ሲወርድ ፈገግ እያለ ነበር፤ ለተቆጣጣሪው እየነገረው፣ እጁን ወደ ግድግዳው እየጠቆመ። ከዚያ እጁ ወረደ። ግድግዳውን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየ። ተመልሶ አየው። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ያን የመሰለ ሱሪ ለብሶ አፈር ላይ።

ተቆጣጣሪው ሽበታም፣ የማይቸኩል ሰው ነው። «የታለ ማስረጃህ?» አለው በስዋሂሊ። ጆሴፍ በጣቱ ዲንቁን አሳየ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና «እኔ የማላየውን አልጽፍም። ካላየሁ አደገኛ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አለ።

ዲንቁ ምን እንደተባለ ገብቷታል። ወደ ጆሴፍ ተጠግታ ቁልቁል እያየችው «ምን ነበር እሱ?» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ያስረዳት፤ አማርኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ። መስታወት አይለጠጥም፤ ግድግዳው የጥፍር ታህል ቢንቀሳቀስ ቀጭ ይላል። ስድስት ወር፣ አንድ የዝናብ ወቅት አልፎ መስታወቶቹ ካልተሰበሩ ቤቱ ቆሟል ማለት ነው። ባለፈው ወር ሲያያቸው ሁሉም ደህና ነበሩ። «ሰባቱን አይቶ ቢሄድ ኖሮ ቤቱ ተረፈ ነበር፣ ማማ። አንቺ የቀበርሽው እኮ ጠበቃሽን ነው።»

እትዬ ዲንቁ ስታፍር አይቼ አላውቅም ነበር። ለጥቂት ጊዜ ቆማ የገዛ መዳፎቿን አየች፤ ከዚያ «ዋሪዮ፣ ውሃ!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም እንደ ሎሌ ሮጥኩ፤ ይገባኝ ነበርና።

ጆሴፍ መፋቂያ ብረት ይዞ ሊጠጋ ሲል እጁን ያዘችው። «በብረት ከነካኸው ይሰበራል። ጭቃው የኔ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለችው። ጨርቅ በውሃ እየነከረች ምርጊቱ ላይ ትለጥፋለች፣ እስኪረሰርስ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በጣቷ ጫፍ ሽፋን በሽፋን ታነሳዋለች። የሕፃን ፊት የምታጥብ ነው የምትመስለው። የመጀመሪያው ወጣ። ቀዩ ቁጥር ታየ፤ መስታወቱ ደህና ነው። ጆሴፍ ትንፋሹን ለቀቀ። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው፣ ከበሩ በላይ ያለው፣ ደህና። እኔ ከታች ባልዲ እያቀበልኩ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ስድስተኛውን ስታወጣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሁሉም ደህና ናቸው።

ሰባተኛው የዲንቁ ክፍል ከአሮጌው ቤት ጋር በሚጋጠምበት ላይ ነው። ወደዚያ ስንሄድ ጆሴፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። «ይሄኛው ስለ ትልቁ ቤት አይደለም። ስለ አንቺ ክፍል ነው። ክፍልሽ መሠረት የላትም። ከቤቱ እየሸሸች ከሆነ መስታወቱ ተሰብሯል። ከሸሸች ደግሞ ድንጋዩ ስለተያያዘ አሮጌውን ግድግዳ ይዛው ትሄዳለች፤ ዛሬ ባይሆን በሚመጣው ዝናብ ወይም በሚቀጥለው። ያኔ ክፍሏን ቶሎ ማፍረስ ነው መድኃኒቱ።»

ጨርቁን ነክራ ለጠፈች። ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጥቶ ከኋላችን ቆመ፤ ስድስቱን አንድ በአንድ አይቶ ጽፏል፣ ፊቱም ረጋ ብሏል። ዲንቁ ጭቃውን በጣቷ አነሳችው። ቁጥሩ ታየ። መስታወቱ መሀል ለመሀል ለሁለት ተከፍሏል።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየና ቀና አለ። «ማማ» አላት በስዋሂሊ፣ «ይህን የሰበረው ግድግዳው ነው ወይስ የአንቺ እጅ? ስትመርጊ ሰብረሽው ከሆነ አልቆጥረውም። ስድስቱ ይበቁኛል።»

እግዜር ያሳያችሁ! በሩ እኮ ወለል ብሎ ተከፈተላት። «እጄ ነው» ማለት ብቻ ነው። ቤቱም ይተርፋል፣ ክፍሏም ትተርፋለች፤ ቢያንስ ለጥቂት ዓመት። ጆሴፍ እንኳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር፣ የምትለውን ላለመስማት ይመስል። እኔ ከጎኗ ሆኜ በአማርኛ «እጄ ነው በይ፣ እትዬ። ማሎ፣ እባክሽ፣ እጄ ነው በይ» አልኳት በሹክሹክታ።

ዲንቁ ጆሴፍን አየችው። ተቆጣጣሪውን አየችው። እኔንም አየችኝ፤ ወረቀት ስታመሳክር በምታየኝ በዚያ ዓይን። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች።

«ከመምረጌ በፊት ነው የተሰበረው» አለች። «ዛሬ ተሰብሮ ቢሆን ስንጥቁ ንጹሕ በሆነ ነበር። እጄ ተጭኖት ቢሆን ወደ ውስጥ በገባ ነበር። ይኸው እዩት፣ ወደ ጎን ነው የተለያየው። መሀሉ ላይ የገባው የኔ ጭቃ ነው፣ ደርቋል። እኔ ስመርግ ክፍተቱ ነበር ማለት ነው።»

ተቆጣጣሪው እንደገና ጎንበስ አለ። በብዕሩ ጫፍ ከክፍተቱ ውስጥ ትንሽ የደረቀ ጭቃ አወጣና በጣቱ አሸት አደረገው። ጻፈ። ትልቁ ቤት እንዲቆም፣ ተቀጥላዋ ክፍል በሠላሳ ቀን ውስጥ በጥንቃቄ እንድትፈርስ። ሊፈርም ሲል ብዕሩን አነሳ።

«በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ይኖራል?»

«እኔ» አለች።

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። «ፖሌ፣ ማማ» አላት፣ አዝናለሁ እንደማለት። ከዚያ ፈረመ።

ከሄዱ በኋላ እኔ በቁጣ ጦፍኩ። «አብደሻል እንዴ? ቤቱ ያንቺ ነው? ማርያም ነገ ብትሸጠውስ? ከሠላሳ ዓመት በላይ ማንንም ሳታምኚ ኖረሽ ዛሬ በገዛ አፍሽ ራስሽን አስወጣሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ባልዲውን ሳይቀር በእርግጫ መታሁት።

እሷ ተደላድላ ቁጭ ብላ እጇን ትታጠብ ነበር። «ሰው ሁሉ ይዋሸኛል ብዬ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «ዛሬ አንድ ሰው እውነቱን ንገሪኝ ብሎ ጠየቀኝ። ደግሞም ያ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ እጄን አሳርፌያለሁ፤ የኔን ክፍል ይዤ ቁልቁል ስጎትተው ልኑር? ደስ አይለኝም፣ ዋሪዮ። እወደዋለሁ ቤቱን።» ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔም ወደ ሱቄ ገባሁ። እዚያ ብቆይ አብሬያት ማልቀሴ ነበር።

ማርያም ያን ቀን ደውላ አለቀሰች። ትልቁ ቤት ውስጥ የፈለግሽውን ክፍል ውሰጂ አለቻት። ዲንቁ «በጽሑፍ ላኪልኝ» አለቻት። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ይመጣል ይባላል፣ እኔ እንጃ። አሁን ዕቃዋ እኛ ቤት ነው፣ እሷም ከሴት ልጆቼ ጋር ነው የምትተኛው።

ባለፈው ሰኞ ጆሴፍ አራት ሠራተኞች ይዞ ክፍሏን ሊያፈርስ መጣ። አንደኛው ዶማውን ከትከሻው በላይ ሲያነሳ ዲንቁ መንገዱን ሮጣ ተሻግራ መሀላቸው ገባች። ዶማውን ከእጁ ቀማችው። በዶማ ከመቱት ንዝረቱ አሮጌውን ግድግዳ ይጎዳዋል፣ በእጅ ነው የሚፈታው፣ ማንም ከመጋጠሚያው በኩል እንዳይጀምር እያለች ጮኸች። ጆሴፍ እሷን ደግፎ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ሠራተኞቹም እሺ አሉ። እሺታቸውን ግን አላመነችውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ባዶዋን ክፍል ገባች። አልጋዋ የነበረበት ራስጌ በኩል ያለውን ድንጋይ ነቅንቃ ነቅንቃ አላቀቀችው። በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ውጭ አወጣችው፣ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ሁለተኛውን ልታመጣ ተመለሰች።